ኢናና፦ አማልክቱ ያልቻሏት ልጅ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። («ቲቸር ዛሬም አላሳጠረም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።)

ነገሩ የቆየ ዕዳ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ሳስተምር ሜሶፖታሚያን የምጨርሳት በአንድ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሁለት ወንዞች፣ ኩኒፎርም፣ ዚጉራት፣ ሐሙራቢ፣ ደወል። አማልክቱን ሰሌዳው ላይ በሠንጠረዥ አሰፍራቸዋለሁ፦ አን የሰማይ፣ ኤንሊል የነፋስ፣ ኤንኪ የውሃና የጥበብ፣ ናና የጨረቃ፣ ኢናና የፍቅርና የጦርነት። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ፍቅርና ጦርነት እንዴት የአንድ አምላክ ሥራ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ አልፈለግሁም። «ሴት ስለሆነች ነዋ!» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ልጅቷ እጇን አወረደች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም መልሳ አላወጣችውም።

ሰሞኑን አንድ ያስተማርኩት ልጅ በዓለም አፈ ታሪክ ውስጥ ያሉ «ባለጌ እንስት አማልክት» ዝርዝር ላከልኝ። በሠርግ ላይ የወርቅ ፖም ወርውራ ጠብ የጫረችው የግሪኳ ኤሪስ አለች፤ የህንዷ ካሊ አለች፤ አንደኛ ተደርጋ የተቀመጠችው ግን ኢናና ናት። ክሷም ተዘርዝሯል፦ ሰረቀች፣ ተራራ አፈረሰች፣ ጉድጓዶችን ደም አደረገች፣ ባሏን ለአጋንንት ሰጠች። እውነት ነው፣ ሁሉንም አድርጋለች። ዝርዝሩ ያላለው አንድ ነገር ግን አለ። ይህን ሁሉ የጻፉባት ጠላቶቿ አይደሉም። የሚያመልኳት ሰዎች ናቸው፤ የጻፉትም ሊያመሰግኗት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሱመርን ግጥሞች በትርጉም ሳነብ የከረምኩት ይሄ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው።

እስቲ ከስርቆቱ እንጀምር። ኢናና የኡሩክ ከተማ አምላክ ናት። ኡሩክ ማለት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ላይ «ኦሬክ» የተባለችው፣ ዛሬ በደቡብ ኢራቅ ዋርካ በሚባል ቦታ ፍርስራሿ የሚገኘው ከተማ ናት። ሱመሮች ዓለም የምትሠራው «ሜ» በሚባሉ ነገሮች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቃሉን በአንድ አማርኛ መተርጎም ይከብዳል፤ ሥርዓትም፣ ሥልጣንም፣ ሙያም ነው። ንግሥና ሜ ነው፣ ክህነት ሜ ነው፣ አናጢነትና የቆዳ ሥራና ጸሐፊነት ሜ ናቸው። ውሸትም ሜ ነው። ከተማ ማፍረስም፣ ሙሾም፣ የልብ ደስታም። ክፉና ደጉ ሳይለይ ሁሉም በአንድ ዝርዝር ገብቷል። እነዚህ ሁሉ በኤሪዱ ከተማ በጥበበኛው በኤንኪ እጅ ነበሩ።

ኢናና ኤንኪን ልትጠይቅ ሄደች። ቢራ ቀረበ (አዎ፣ ቢራ፤ ከገብስ የሚጠመቅ፣ ከጠላ ብዙ የማይርቅ)። ጠጡ። ኤንኪ ሞቅ ሲለው ሜዎቹን እያነሳ ሰጣት፤ እሷም እየተቀበለች ጀልባዋ ላይ ጫነች። ስካሩ ሲበርድለት ንብረቱ የለም። አገልጋዩን ኢሲሙድን «የት ሄደ?» ቢለው «ለልጅዎ ሰጥተዋታል» አለው። ኤንኪ ጀልባዋን የሚያስመልሱ ጭራቆች ላከ። በየኬላው ደጋግመው ያዙባት። እሷ ግን አባቴ የሰጠውን እንዴት ይነሳኛል፣ ቃሉንስ እንዴት ያጥፋል እያለች ተከራክራ ጀልባዋን ኡሩክ አስገባች።

ስርቆት የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ሰጥቶ መንሳት የፈለገው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። በነገራችን ላይ እስከ ዛሬ ከተገኙት የሸክላ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ፣ ከ3000 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊትም የሚቀድሙት፣ የተገኙት ኡሩክ ውስጥ ኤአና በሚባለው ቅጥር ነው። ኤአና የኢናና መቅደስ ነው። የከተማዋ ሰዎች ጽሕፈትን በጀልባ ያመጣችልን እሷ ናት ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ተራራው ላይ ግን ጠበቃዋ አልሆንም። ኤቢህ የሚባል ተራራ ነበር፤ ዛሬ በኢራቅ ጀበል ሀምሪን የሚባለው ሰንሰለት እንደሆነ ይታሰባል። ኢናና በአጠገቡ ስታልፍ ተራራው አልሰገደላትም፤ አፍንጫውን መሬት አላስነካም። ተቆጣች። ወደ አን ሄዳ ልምታው ስትል አን ከለከላት። ያ ተራራ ግርማው አማልክትን ያስፈራል፣ አትክልቱ በፍሬ የተሞላ ነው፣ አንበሳና አጋዘን የሚኖርበት ነው፣ አትችይውም አላት። የሰማይ ንጉሥ፣ የአማልክት አባት «አትችይም» ብሏል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እሷ ግን የጦር መሣሪያዋን አንስታ ሄደች፤ ተራራውን እንደ ሰው አንገቱን ይዛ ወጋችው፣ ሣሩን ነቀለች፣ እሳት ለቀቀችበት። ከዚያም ላዩ ላይ ቆማ ለምን እንደመታችው ነገረችው፦ ከፍ ስላልክ፣ ስላማርክ፣ ስላልሰገድክ።

አንዳንድ ምሁራን ከዚህ ግጥም ጀርባ የአካድ ነገሥታት በተራራው ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ዘመቻ ያያሉ። እኔም ያሳመነኝ ይሄ ነው። ገነት የመሰለ አገር ስላልሰገደ ብቻ ሲቃጠል ደራሲው እያመሰገነ ከጻፈው፣ የሆነ ንጉሥ ደስ ብሎታል ማለት ነው። ኢናናን ዛሬ ቲሸርት ላይ አትመው የሴቶች መብት ታጋይ የሚያደርጓት ሰዎች ይህችን ግጥም ይዘሏታል። መዝለል የለባቸውም።

ጉድጓዶቹን ዝርዝሩ በአንድ መስመር ነው ያለፋቸው። ለምን ደም እንዳደረገቻቸው አልጻፈም። ሹካሌቱዳ የሚባል አትክልተኛ ነበር። ኢናና ሰማይና ምድርን ዞራ ደክሟት በአትክልቱ አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር ተኛች። ሰውየው ከዳር ሆኖ አያት፤ እንደተኛች ደፈራት፤ ወደ ነበረበትም ተመለሰ። ሲነጋ ነቅታ ሰውነቷን ተመለከተች፣ አወቀች። ከዚያ በኋላ ነው የአገሩ ጉድጓድ ሁሉ ደም የሞላው፤ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ገረዶች ደም ቀድተው የተመለሱት። ሰውየው ወደ አባቱ ሮጦ ያደረገውን ነገረው። አባትየው የሰጠውን ምክር ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ወደ ከተማ ሂድ፣ ከወንድሞችህ መሃል ተቀላቀል፣ እዚያ አታገኝህም አለው።

ወደ 4000 ዓመት የሚጠጋው ጽሑፍ ነው ይሄን የሚለው። ምክሩም ሠርቶ ነበር። ብትፈልግ ብትፈልግ አላገኘችውም፤ አውሎ ነፋስ ሰደደች፣ መንገድ ዘጋች፣ አሁንም አላገኘችውም። በመጨረሻ ኤንኪ ፊት ቆማ የደረሰብኝን ማን ይክሰኛል ብላ ጠየቀች፤ ሰውየው ካልተሰጠኝ ወደ መቅደሴ አልገባም አለች። ኤንኪ ፈቀደ። እንደ ቀስተ ደመና በሰማይ ላይ ተዘርግታ ፈለገችውና አገኘችው፤ ሞትም ፈረደችበት። ይሄ «ብልግና» ተብሎ ዝርዝር ውስጥ የገባው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ወይም ይገባኛል።

የባልየው ታሪክ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ስለሆነ ላሳጥረው። ኢናና ወደ ሙታን አገር፣ ወደ እህቷ ወደ ኤሬሽኪጋል ወረደች። በሰባት በሮች ልብስና ጌጧን እየገፈፉ ዕራቁቷን አስገቧት፤ ገደሏት፤ ሬሳዋንም ሜንጦ ላይ ሰቀሉት። ታማኝ አገልጋይዋ ኒንሹቡር ኤንሊልንና ናናን ብትማጸን የራሷ ጥፋት ነው አሉ፤ የላይኛውም የታችኛውም አማራት አሉ። ያዳናት ያው ቢራ ያጠጣት ኤንኪ ነው። ስትወጣ ግን ምትክ መስጠት ነበረባት። አጋንንቱ ተከትለዋት በየከተማው ዞሩ፤ የሚያለቅሱላትን ሁሉ አልሰጥም አለች። ባሏ ዱሙዚ ግን ክት ልብሱን ለብሶ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱን ሰጠች። ይህ ዱሙዚ በኋላ ተሙዝ የተባለው ነው፤ ሕዝቅኤል 8 ቁጥር 14 ላይ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በር ሴቶች ተቀምጠው የሚያለቅሱለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ኤንሄዱአና።

ኤንሄዱአና በ2300 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የኖረች እውነተኛ ሴት ናት። የአካዱ ንጉሥ የሳርጎን ልጅ ስትሆን፣ በኡር ከተማ የጨረቃው አምላክ የናና ሊቀ ካህናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሊዮናርድ ዉሊ ኡርን ሲቆፍር ከአልባስጥሮስ የተሠራ ክብ ድንጋይ አገኘ፤ ዛሬ በፊላደልፊያ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ካህናት መሥዋዕት ሲያፈሱ ይታያል፤ ከመሃላቸው ድርብርብ ቀሚስ የለበሰችው እሷ ናት። ከጀርባው ስሟና የአባቷ ስም ተጽፏል። በስሟ የሚጠሩ ግጥሞችም አሉ። በእጃችን ያሉት ቅጂዎች ከእሷ 500 ዓመት ያህል ዘግይተው የተጻፉ ስለሆኑ እውነት እሷ ናት ያቀናበረቻቸው የሚለው ያከራክራል። እሷ ከሆነች ግን በዓለም ላይ በስሙ የምናውቀው የመጀመሪያው ደራሲ ሴት ናት ማለት ነው።

ከግጥሞቹ አንዱ 153 መስመር ነው፤ የተጻፈውም ለኢናና ነው። በውስጡ ደራሲዋ ስሟን ጠርታ የደረሰባትን ትናገራለች። ሉጋል-አኔ የሚባል ሰው በኡር ተነሳ። ከመቅደሷ አባረራት፤ የክህነት አክሊሏን ወስዶ ቢላዋ ሰጣት፣ ላንቺ የሚገባሽ ጌጥ ይሄ ነው አላት። በእሾህ መሃል ተሰደደች። ማር የነበረው አፏ እንደተበላሸ ትናገራለች።

እንግዲህ አስቡት። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለችው ናናን ነው፤ ሥርዓት ያለውን፣ በየወሩ በሰዓቱ የሚወጣውን ጨረቃ። ወደ እሱ ጮኸች። ናና ዝም አለ። ግጥሙ ይሄን አይደብቅም፤ የእኔ ናና ስለ እኔ ፍርድ አልሰጠም ብላ በግልጽ ትከሰዋለች። ከዚያ ወደ ማን ሄደች? ወደ ልጁ። ኢናና የናና ልጅ ናት። አባት ዝም ሲል ካህኒቱ ይግባኝ ያለችው የአባቷን ቃል ወደማትሰማው ልጅ ነው። ስታመሰግናትም ደግነቷን አይደለም የምታነሳው፤ ወንዝን በደም የምትሞላ፣ እንደ ዘንዶ መርዝ የምትረጭ፣ ታላላቆቹ አማልክት እንደ ሌሊት ወፍ ከፊቷ ብር ብለው የሚሸሹ እያለች ነው። እኔ ይሄን ስንት ዓመት እንደ ግነት አነበብኩት። አሁን ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በሥርዓት የተፈረደባት ሴት ሥርዓት አክባሪ አምላክ ምን ያደርግላታል? የአን «አትችይም» ያላቆማት ታስፈልጋለች። ያቺን የኤቢህን ግጥም አንዳንዶች ለኤንሄዱአና መስጠታቸው በዚህ በኩል ሳየው አይገርመኝም፤ የንጉሥ ልጅ ናትና ተራራ ሲቃጠል የምታመሰግነውም፣ ተባርራ የምትለምነውም ያው አንዷ ልትሆን ትችላለች።

ግጥሙን ያቀናበረችው በሌሊት እንደሆነና ዘማሪው በቀትር እንዲደግመው ትናገራለች፤ ማቀናበሩንም ከመውለድ ጋር ታመሳስለዋለች። መጨረሻው ላይ ኢናና ልመናዋን ተቀብላለች፤ ወደ ክብሯ ተመልሳለች።

ከዚህ ተነስታችሁ ሱመር ለሴቶች ገነት ነበረች እንዳትሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኡር ነገሥታት ሺዎችን ሴቶች በሸማኔነት ያሠሩ ነበር፤ መዝገቡ በሸክላ ላይ ተጽፎ አለ። የአንድ ወንድ ሠራተኛ የወር ቀለብ ብዙውን ጊዜ 60 ሊትር ያህል ገብስ ሲሆን የሴቷ ግማሹ ገደማ ነበር። አምላኳ ሰማይን ታንቀጠቅጣለች፤ ሸማኔዋ ግን በ30 ሊትር ታድራለች።

ታዲያ «ባለጌ» የሚለው ስም ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ የጊልጋሜሽ ታሪክ ስድስተኛ ሰሌዳ ነው። እዚያ በአካድኛ ስሟ ኢሽታር ተብላለች። (አካድኛ የግዕዝ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ቤትን ቢቱ፣ ስምን ሹሙ፣ ሰማይን ሻሙ ይላል። የኢሽታር ስም ዘመድ የሆነው ዐስተርም ከክርስትና በፊት በአክሱም ድንጋዮች ላይ ከአማልክት ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ግን ወንድ ነበር። ይሄን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ኢሽታር ንጉሡን አግባኝ ትለዋለች። እሱ እምቢ ማለት ብቻ አልበቃውም፤ የቀድሞ ፍቅረኞቿን አንድ በአንድ እየቆጠረ ይሰድባታል። ክንፉን የሰበረችው ወፍ፣ ተኩላ ያደረገችው እረኛ፣ ጉድጓድ የቆፈረችለት አንበሳ። እሷም እያለቀሰች አባቷ ዘንድ ሄዳ የሰማይን በሬ ስጠኝ፣ ካልሰጠኸኝ የሙታንን በር ሰብሬ ሙታን ሕያዋንን እንዲበልጡ አደርጋለሁ ብላ ታስፈራራለች። ግሩም ጽሑፍ ነው፤ ያስቃልም። ግን ልብ በሉ፣ የሚናገረው ንጉሡ ነው። ያው ኃይል በካህኒቱ አፍ ምስጋና፣ በንጉሡ አፍ ስድብ ነው። ዝርዝር ሠሪዎቹ የሰሙት ንጉሡን ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ የደገምኩት የንጉሡን ሳቅ ነበር።

ኤርምያስ 44 ላይም ነቢዩን ፊት ለፊት የሚመልሱ ሴቶች አሉ። ለሰማይ ንግሥት ማጠን ካቆምን ወዲህ ነው የተራብነው ይሉታል። ያቺ ንግሥት ኢሽታር ናት ወይስ ዘመዷ አስታርቴ የሚለው ያከራክራል፤ ምዕራፍ 7 ላይ የሚጋግሩላት እንጎቻ የሚጠራበት የዕብራይስጥ ቃል ግን ለኢሽታር ከሚቀርበው ኬክ ከአካድኛ ስሙ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ፍቅርና ጦርነት እንዴት የአንድ አምላክ ሥራ ሆነ? ኢናና አጥቢያ ኮከብ ናት፤ እኛ አጥቢያ የምንላት ያቺው ቬነስ። ጎህ ከመቅደዱ በፊት በምሥራቅ ትታያለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ። በመሃሉ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ትጠፋለች፤ ወደ ሙታን አገር የወረደችበት ታሪክ ከዚህ መጥፋት ጋር እንደሚያያዝ የሚያስቡ አሉ። የኡሩክ ጥንታውያን መዝገቦች ለማለዳዋ ኢናናና ለምሽቷ ኢናና የሚቀርበውን መሥዋዕት ለየብቻ ይመዘግባሉ። ሁለት መልክ እንዳላት ያውቁ ነበር፤ አንድ ኮከብ መሆኗንም ያውቁ ነበር። ማለዳ ወደ ዘመቻ የሚወጣውም፣ ማታ ወደ ወዳጁ ቤት የሚሄደውም ቀና ሲል የሚያየው ያንኑ ብርሃን ነው። ሁለቱም ደግሞ ሰውን ከሥርዓቱ አውጥተው እንዳልነበረ ያደርጉታል። የተሟላ መልስ ነው አልልም። ያን ቀን ከሰጠሁት ግን ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 ኒፑር ላይ አንድ ትንሽ ቤት ተቆፍሮ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ትምህርት ቤት የነበረ ነው። ከ1000 በላይ የተማሪ ሸክላዎች ተገኙበት፤ ብዙዎቹ ወለሉና ግድግዳው ውስጥ ተሞልተው፣ እንደ ተጣለ ደብተር። ልጆቹ ከፍ ወዳለው ትምህርት ሲደርሱ ከሚገለብጧቸው አሥር ዋና ዋና ጽሑፎች ሁለቱ የኤንሄዱአና ልመናና የኤቢህ ተራራ ታሪክ ነበሩ። የዚያ ዘመን መምህር ኢናናን በሠንጠረዥ አላለፋትም፤ መስመር በመስመር አስጻፋት። ይህች ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ የምትወስድ ሆና አግኝቷታል መሰለኝ።

ስምሽን እዚህ አልጽፍም። ይሄን ጽሑፍ ታነቢው እንደሆነም አላውቅም። ሐሙስ ነበር፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፤ በመስኮቱ በኩል ከመጨረሻው ፊት ያለው ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጪው። ይቅርታ አድርጊልኝ።